የአርድስ ታካሚ የጽኑ ሕሙማን ክፍል ወጪ እንዴት ይሰላል?

ጥያቄ፦
ሰላም ለሁላችሁ። አርድስ በሚባለው ከባድ የሳንባ መድከም ቬንቲሌተር (የመተንፈሻ ማሽን) ላይ ለሚገቡ ታካሚዎች በጀት እየሠራሁ ነው። የክፍሉን ጠቅላላ ወጪ ለአልጋ ቀናት አካፍዬ በቆይታቸው ሳባዛው ውጤቱ ያነሰ መሰለኝ። ምን ጎደለው? ኦክስጅኑንስ በምን ልለካው?

መልስ 1፦
ያሳነሰው ቀኖቹን ሁሉ እኩል ማድረግዎ ነው። ቱቦ የሚገባበት የመጀመሪያው ቀን ከሁሉም ይወደዳል፤ ራጁ፣ ተደጋጋሚው የደም ጋዝ ምርመራ፣ ማስተኛውና ጡንቻ ማፍዘዣው መድኃኒት የሚደራረበው ያኔ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያውን ቀን፣ የቀሩትን የቬንቲሌተር ቀናትና ከቬንቲሌተር ከወጡ በኋላ ያሉትን ለየብቻ ያስሉ። የነርስ ሰዓት በየታካሚው ይመዝገብ፤ ትልቁ ወጪ አብዛኛውን ጊዜ የሰው ኃይል ነውና። የኦክስጅን ጥምርታቸው (በደም ወሳጅ ቧንቧ ያለው የኦክስጅን ግፊት፣ በሚሊሜትር ሜርኩሪ፣ ለሚተነፍሱት የኦክስጅን ድርሻ ሲካፈል) 100 እና ከዚያ በታች የሆኑትን፣ ማለትም በጣም የከፋባቸውን፣ ከሌሎቹ ጋር አይደባልቁ።

ለሳምንታት የሚቆዩትን ጥቂት ታካሚዎች ደግሞ «ከሌላው የራቁ ናቸው» ብለው እንዳያወጧቸው። በጀቱን የሚበሉት እነሱ ናቸው።

መልስ 2፦
ኦክስጅኑን እንዲህ ያስሉ፦ ታካሚው በደቂቃ የሚተነፍሰው አየር × (የታዘዘው የኦክስጅን መጠን − 0.21) ÷ 0.79። ለምሳሌ በደቂቃ 10 ሊትር፣ በ80 በመቶ ኦክስጅን፦ 10 × (0.80 − 0.21) ÷ 0.79 ≈ በደቂቃ 7.5 ሊትር፤ በቀን 10,800 ሊትር ገደማ። 40 ሊትር የሚይዝ ሲሊንደር በ150 ባር ግፊት ሲሞላ 6,000 ሊትር ያህል ስለሚሰጥ በቀን ሁለት ይፈጃል። ማሽኑ ራሱ የሚያፈስሰውና በመገጣጠሚያ የሚያፈተልከው በዚህ ላይ ይታከላል።

ቱቦ ሳይገባ በአፍንጫ በከፍተኛ ፍሰት መስጠት በኦክስጅን በኩል ይረክሳል ብለው ግን አይገምቱ። በደቂቃ 60 ሊትር ንጹሕ ኦክስጅን በቀን 86,400 ሊትር ነው፤ ከ14 ሲሊንደር በላይ! ሲሊንደር ላይ ብቻ የቆመ ክፍል ይህን አይችለውም።

መልስ 3፦
ሁለቱም ልክ ናቸው፤ እኔ የምጨምረው የሞቱትን ወጪ ነው። ጠቅላላውን ወጪ በሕይወት ለወጡት ብቻ ያካፍሉ፤ ርካሹ ሕክምና የትኛው እንደሆነ ያኔ ይታያል። እ.ኤ.አ. በ2013 በወጣው የፈረንሳይና የስፔን ጥናት፣ ከባድ ሕመምተኞችን በቀን ቢያንስ 16 ሰዓት በሆዳቸው ማስተኛት የ28 ቀን ሞትን ከ32.8 ወደ 16 በመቶ አውርዷል። ለዚህ የሚያስፈልገው የሠለጠነ ቡድንና ፊትንና ደረትን ከግፊት ቁስል የሚጠብቅ ትራስ ነው። ኤክሞ (ደምን ከሰውነት ውጭ ኦክስጅን የሚሰጥ ማሽን) ከመግዛት በፊት ይህ ይሟላ።

ጠያቂ፦
እጅግ አመሰግናለሁ። ቆይታውን በሁለት ቀን ብናሳጥር በጀቱ በዚያው ልክ ይቀንሳል?

መልስ 1፦
አይቀንስም። የሚያጥሩት የመጨረሻዎቹ፣ ማለትም ርካሾቹ ቀናት ናቸው። ደመወዙም የማሽኑ እርጅናም አልጋው ባዶ ቢሆን አይቀርም፤ የሚተርፈው መድኃኒት፣ ኦክስጅንና አላቂ ዕቃ ነው። ትርፉን በብር ሳይሆን ለተጨማሪ ታካሚ በሚለቀቀው አልጋ ይቁጠሩት።