አስቸኳይ! ከፍርድ ቤት መጥሪያ መጣብኝ፣ ሰኞ ቅረብ ይላል

ሾፌሩ (ሲልቨር ስፕሪንግ)
ሰላም ወገኖች፣ ከሜሪላንድ ነኝ። ዛሬ ፖስታ ሳጥኔ ውስጥ ከካውንቲው ፍርድ ቤት የተላከ ደብዳቤ አገኘሁ። «ጁሪ» ይላል፣ ካልቀረብክ ትቀጣለህ ይላል። ማንንም አልበደልኩም። ባለፈው ከአንድ ሰውዬ ጋር መኪና ተነካክተን ነበር፣ እሱ ይሆን የከሰሰኝ? ሰኞ ጠዋት ደግሞ ኤርፖርት የማደርሰው ደንበኛ ይዣለሁ። ጠበቃ ልያዝ? ብቀርስ ምን ያደርጉኛል? እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ።

ነገረኛው
እንኳን ደስ አለህ፣ ተሾመሃል! እኔ ላይ የተጻፈች የፓርኪንግ ቅጣት አለች፣ እግረ መንገድህን ሰርዝልኝ።

የሮክቪሏ
ወንድሜ አልተከሰስክም፣ ተረጋጋ። ሰው ሲካሰስ ቁጭ ብለህ ሰምተህ እንድትፈርድ ነው የተጠራኸው። ጠበቃ ምንም አያስፈልግህም። ከደብዳቤው ጋር የሚሞላ መጠይቅ አለ፣ እሱን ሙላ።

ቡና በጨው
ዝም በለው። እኔም መጥቶልኝ ቅርጫት ውስጥ ጣልኩት። እስካሁን የጠየቀኝ የለም።

የሮክቪሏ
አትስማው! ያንተ ዕድል ለሁሉም አይሠራም። የፍርድ ቤት ትእዛዝ ነው፣ ንቆ የቀረ ሰው ሊቀጣ ይችላል። መጠይቁን ሙላ።

ጋሽ መምህር
ልጄ፣ ነገሩ ካንተ ደብዳቤ ይሰፋል። አገራችን ጁሪ የለም፤ ፍሬ ነገሩንም ሕጉንም መርምሮ የሚፈርደው ዳኛ ነው። እዚህ ግን ሥራው ለሁለት ተከፍሏል። ዳኛው ሕጉን ይነግራል። «አድርጓል ወይስ አላደረገም» የሚለውን ደግሞ እንዳንተ ያለ ከሥራው የተጠራ ሰው ይወስናል። እንደ ዘበት አትየው። እ.ኤ.አ. በ1735 ኒው ዮርክ ውስጥ ጆን ፒተር ዜንገር የሚባል አታሚ ጋዜጣው ገዥውን ስለተቸ ተከሶ ነበር። ዋናው ዳኛ የገዥው ሰው ነበር። ጁሪው ግን አታሚውን ነፃ አወጣው። ገዥና ሕዝብ ሲጋጩ ዳኛ ብቻውን ቢሆን ኖሮ ምን ይፈረድ እንደነበር አስበው። የእኛም አባቶች ቢሆኑ «በላ ልበልሃ» ሲሟገቱ ሰው ከብቦ ይሰማ ነበር። በዙፋን ችሎት አስተያየት ይሰጥ የነበረው ከታናሹ ጀምሮ ነው፤ ታናሹ ታላቁን ሰምቶ እንዳይደግም።

ነገረኛው
ጋሼ፣ ሰውዬው የጠየቀው ስለ ሰኞ ነው 😂

አዳሜ
ጋሼ ይቅርታ ያድርጉልኝና ጁሪን እንዲህ አያሞካሹት። በ1955 ሚሲሲፒ ውስጥ ኤሜት ቲል የሚባል የ14 ዓመት ጥቁር ልጅ ተገደለ። የተከሰሱትን ሁለት ሰዎች ነፃ ያወጧቸው 12 ነጭ ወንዶች ናቸው። ከአንድ ሰዓት ትንሽ አለፍ ቢል ነው የፈጀባቸው። ሰዎቹ በኋላ «አዎ፣ ገድለነዋል» ብለው ለመጽሔት ተናገሩ። ጥቁርና ነጭ ተማሪን መለያየት ሕገ ወጥ ነው ያሉት ደግሞ በ1954 ዘጠኝ የጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኞች ናቸው፣ ጁሪ አይደለም። ሕዝብ የተከፈለበትን ጉዳይ መልሶ ለዚያው ሕዝብ መስጠት ምን የሚሉት ፍርድ ነው?

የአሌክሳንድሪያው
አዳሜ፣ የ1955ቱ ችግር እኮ ጥቁሩም ሴቷም ከጁሪው መገለላቸው ነው። በ2021 ሚኒያፖሊስ ላይ ጆርጅ ፍሎይድን የገደለውን ፖሊስ ዴሪክ ሾቪንን ጥፋተኛ ያሉት 12 ሰዎችም ተራ ሰዎች ናቸው። ከአፍሪካ የመጣ ስደተኛ አብሯቸው ነበር። ሁላችንም በሰበብ ከቀረን ማን ሊቀመጥ ነው?

እኔ ተቀምጫለሁ። ነገሩ ቀላል ነበር፤ በረዶ የያዘው የሕንፃ ደረጃ ላይ አንዲት ሴት አዳልጧት ወድቃ ባለቤቱን ከሰሰች። የሕንፃው ሰዎች «ያን ዕለት ጨው በትነናል» አሉ። የደረጃውን ፎቶ ከእጅ ወደ እጅ ስናቀባብል፣ አንዲት ጡረታ የወጡ ነርስ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው «ይሄ ምንድነው?» አሉ። በሩ ጥግ የጨው ከረጢት ቆሟል፣ አፉ እንደተሰፋ። ጠበቆቹ አንዳቸውም አላነሱትም ነበር። ከዚያ በኋላ የነበረው ወሬ ሁሉ ስለዚያ ከረጢት ሆነ።

አዳሜ
እሺ፣ ነርሷ ባትኖርስ?

ቡና በጨው
ክፍያ አለው ግን?

የአሌክሳንድሪያው
የፌዴራሉ በቀን 50 ዶላር ይከፍላል። የየስቴቱ ይለያያል። ላንተ ለሾፌሩ ያው ኪሳራ ነው።

ዝምተኛዋ
ማንም ዋናውን አልጠየቀውም። ወንድሜ፣ ሲቲዝን ነህ ወይስ ግሪን ካርድ? ሜሪላንድ ስም የምትወስደው ከመራጮች መዝገብና ከመንጃ ፈቃድ ነው፤ ስለዚህ ዜጋ ያልሆነውም ይጠራል። ካልሆንክ መጠይቁ ላይ «ዜጋ አይደለሁም» ብለህ መልስ፣ በዚያው ያልቅልሃል። ሳታነብ «አዎ» እንዳትል! ዜጋ ሳይሆኑ ዜጋ ነኝ ማለት በኢሚግሬሽን ትልቅ ጣጣ አለው። ሲቲዝን ከሆንክና ሰኞ ካልተመቸህ ደግሞ ቀን እንዲቀየርልህ አሁኑኑ ጠይቅ። ካልቀየሩልህም ዋዜማውን ማታ የጁሪ ቁጥርህን ድረ ገጻቸው ላይ እይ፤ «አትምጡ» የሚሉበት ጊዜ አለ። አንድ ነገር ልጨምር፤ «ጁሪ ስለቀረህ በስጦታ ካርድ ክፈል» ብሎ የሚደውል ካለ ሌባ ነው፣ ዝጋበት።

የሮክቪሏ
እኔም መጠይቁን ሙላ ብዬው ነበር።

ሾፌሩ (ሲልቨር ስፕሪንግ)
እግዜር ይስጥልኝ ሁላችሁም። እኔ ግሪን ካርድ ነው ያለኝ። ግን መጠይቁን ባለቤቴ ከሰዓት በኋላ በስልኳ ሞልታ ልካዋለች። ምን ብላ እንደሞላች ልጠይቃት፣ ተኝታለች።

ዝምተኛዋ
ቀስቅሳት! «አዎ» ብላ ከሆነ ሰኞን አትጠብቅ። ነገ በጠዋት የጁሪ ቢሮው ጋ ደውለህ ስህተት መሆኑን ንገራቸው፣ እርማቱን በጽሑፍ ላክ፣ ኮፒውን አስቀር። ጠበቃ አያስፈልግም የተባለው እዚህ ላይ አይሠራም፤ የኢሚግሬሽን ጠበቃ አማክር።

ነገረኛው
አሁን እንኳ አልቀልድም። ቀስቅሳት።

እናቷን ጠያቂ
ጣልቃ ገባሁ ይቅርታ። እናቴ 73 ዓመቷ ነው፣ ሲቲዝን ናት፣ እንግሊዝኛ አትሰማም። እሷንም ጠርተዋታል። ይዣት ልሂድ?

ዝምተኛዋ
ሜሪላንድ ናችሁ? ከ70 በላይ ከሆነች መቅረት እንደምትፈልግ መጠይቁ ላይ ትጠይቅ፣ ይፈቀድላታል። ቋንቋውንም ጻፊው። ግን አንቺ ስትሞዪላት እያንዳንዱን ጥያቄ አንብቢላት።

ቡና በጨው
ሾፌሩ ምን ሆነ?