ከጀርመን ወደ ኔዘርላንድስ ለመሻገር፦ አምስተኛ ዓመቴን ልጠብቅ ወይስ ልሂድ?
በጀርመን በሥራ ፈቃድ ስኖር 5 ዓመት ልደፍን ሁለት ወር ሲቀረኝ ከኔዘርላንድስ የሥራ ጥሪ ደርሶኛልና ምክራችሁን በትሕትና እጠይቃለሁ። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2003 ያወጣው መመሪያ የረጅም ጊዜ ነዋሪነትን የሚሰጠው በአንድ አባል አገር 5 ዓመት በሕጋዊ መንገድ ሳያቋርጥ ለኖረ ሰው ሲሆን፣ በመካከሉ ከአገሩ ወጥቶ የቆየበት እያንዳንዱ ጊዜ ከ6 ወር ያነሰ፣ ድምሩም ከ10 ወር ያልበለጠ መሆን አለበት። እናቴን ሳስታምም የቆየሁበትን ጊዜ ከፓስፖርቴ ማኅተሞች ስደምር 9 ወር ከ20 ቀን መጣልኝ፤ ይሁንና የአንዱ ማኅተም ቀን ደብዝዞ ስለማይነበብ እንቅልፍ ነሥቶኛል። የጀርመኑ ብሔራዊ ቋሚ ፈቃድ በሌላ አባል አገር ለመሥራትና ለመኖር መብት ስለማይሰጥ ለእኔ መፍትሔ አይመስለኝም። የደበዘዘ ማኅተም አጋጥሟችሁ በአውሮፕላን ትኬት ወይም በሌላ ማስረጃ የተካችሁ ካላችሁ፣ እባካችሁ እንዴት እንደተቀበሏችሁ ንገሩኝ።