የባቡር ሐዲድ መቀየሪያ አንድ ወገን ብቻ ይሄዳል፤ ኤሌክትሪክ የምታውቁ?

ከሽቱትጋርት፦

ሰላም ለሁላችሁ። እዚህ በውጭ አገር የምንኖር ሰዎች መድረክ ላይ የሚነሳው የመኖሪያ ፈቃድና የኪራይ ቤት ጉዳይ እንደሆነ አውቃለሁ። የኔ ጥያቄ ለየት ስለሚል አትሳቁብኝ።

ከበላያችን ባለው ፎቅ አንድ አዛውንት ይኖሩ ነበር። ልጄን ደረጃ ላይ ባገኙት ቁጥር "ና ባቡር ላሳይህ" ይሉታል። ጀርመንኛውን ግማሹን የተማረው ከሳቸው ነው ብል ማጋነን አይሆንም። ባለፈው መስከረም ወደ አረጋውያን መኖሪያ ሲገቡ 3 ካርቶን ሙሉ የሞዴል ባቡር ትተውለት ሄዱ፦ ሐዲድ፣ ሎኮሞቲቭ፣ ፉርጎ፣ 2 ትራንስፎርመር፣ 4 በኤሌክትሪክ የሚሠሩ የሐዲድ መቀየሪያዎች፣ ጀርመኖቹ ቫይሸ የሚሏቸው። የጠፋው የቫይሸዎቹ መቆጣጠሪያ ሳጥን ብቻ ነው።

እኔ ነርስ ነኝ፤ ደም ሥር እንጂ ሽቦ መፈለግ አልተማርኩም። ቢሆንም 2 ሜትር በ1.20 የሆነ ኮምፔንሳቶ ገዝተን፣ ኬለር በሚሉት ምድር ቤት ውስጥ ጠረጴዛ ሠርተን፣ ሐዲዱን ዘረጋን። (እሑድ ቀን በትራፓኖ መብሳት እንደማይፈቀድ የተማርኩት የዚያን ቀን ነው። በሩን ያንኳኳው ጎረቤት እንኳን ደህና መጣሽ ለማለት አልነበረም።) በጠፋው ሳጥን ምትክ ከዕቃ መሸጫ ተራ የመብራት ማብሪያ ማጥፊያ ገዝቼ ገጠምኩ።

አንደኛውና ሁለተኛው ቫይሸ ይሠራሉ። ሦስተኛው ወደ ቅርንጫፉ ይሄዳል፤ ወደ ቀጥታው ግን አይመለስም፣ ድምፅም የለውም። አራተኛው ማብሪያውን ስነካው እንደ ንብ ያጉረመርማል እንጂ ንቅንቅ አይልም። ትናንት ደግሞ ሽታ ሸተተኝ። ልጁ "እኔ በጣቴ እቀይራለሁ" ይላል፣ አራተኛው ግን ያለው ከካርቶን የሠራነው ዋሻ ውስጥ ነው።

ከሊድስ፦

እህቴ፣ መጀመሪያ ያን የመብራት ማብሪያ ንቀይልኝ! እኛ እዚህ እንግሊዝ ፖይንት ነው የምንላቸው። ሞተር ቢባሉም ውስጣቸው ሁለት ኮይል፣ ማለት የተጠቀለለ ሽቦ፣ ነው። አንዱ ወደ ግራ ይስባል፣ ሌላው ወደ ቀኝ። የሚፈልጉት የአንድ ቅጽበት ጉልበት ነው፤ ተጭነሽ ትለቂያለሽ። የመብራት ማብሪያ ግን እስክታጠፊው ድረስ ኤሌክትሪኩን ይለቃል፤ ኮይሉ ይግላል፣ ከዚያ ይቃጠላል። የሸተተሽ እሱ ነው።

እኔ የፔኮ ሞተሮች ነው የምጠቀመው። ከነሱ በፊት ካፓሲተር፣ ማለት ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅም ዕቃ፣ ያለው ትንሽ ሰርኪት አስገብቻለሁ። ካፓሲተሩ ቀስ ብሎ ይሞላል፣ ቁልፉን ስትነኪ በአንዴ ይለቀዋል። ጣትሽን ብትረሺው እንኳ ከዚያ በኋላ የሚፈስ ነገር ስለሌለ ኮይሉ አይጎዳም። አንድ ግዢና ተገላገይ።

ከቪየና፦

እኛ ስለ ቤተሰብ ማገናኘት ስንጠይቅ ሳምንት ሙሉ የሚመልስ ሰው አይገኝም። ለመጫወቻ ጊዜ ግን የሊድሱ ሰው በ10 ደቂቃ ደረሰ።

ከሊድስ፦

ወንድሜ፣ የማውቀውን ነው የመለስኩት። ስለ ቪዛ ባውቅ ኖሮ እናቴን እስካሁን አምጥቻት ነበር።

ከፍራንክፈርት፦

ልጄ፣ ጤና ይስጥልኝ። 31 ዓመት እዚህ በኤሌክትሪክ ሠራተኛነት ኖሬ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። ከዚያ በፊት ደግሞ የድሬዳዋ ልጅ ነኝ፤ አባቴ ምድር ባቡር፣ እኛ ሸመንደፈር በምንለው፣ ወርክሾፕ ሠርቷል። ስለዚህ ጥያቄሽን ሁለቴ አነበብኩት።

የሊድሱ ወንድማችን ስለ ማብሪያው ያለው ልክ ነው። ካፓሲተሩ ላይ ግን ቆይ እንበል። ያ ዘዴ የሱን ዓይነት ሞተር የሚያድን ነው። የጀርመን ቫይሸዎች አብዛኞቹ ውስጣቸው ራሱን የሚያጠፋ ትንሽ መገናኛ አላቸው። ቫይሸው ጫፍ ሲደርስ መገናኛው ይከፈትና ለራሱ ኮይል የሚመጣውን ኤሌክትሪክ ይቆርጣል፤ ለተቃራኒው ኮይል ደግሞ መንገዱን ያገናኝለታል። አንደኛውና ሁለተኛው በመብራት ማብሪያ ሳይቃጠሉ የቆዩት በዚህ ነው፦ ጫፍ ደርሰው ራሳቸውን ስላጠፉ። አራተኛው ግን አንድ ነገር ይዞት ጫፍ መድረስ አልቻለም። ስላልደረሰ አልጠፋም፣ ስላልጠፋ ጋለ።

ከድምፁ ጀምሪ። ካጉረመረመ ኤሌክትሪኩ ደርሷል ማለት ነው፤ ጉድለቱ ጉልበት ነው ወይም መጣበቅ። ዝም ካለ ግን መንገዱ የሆነ ቦታ ተቆርጧል። አራተኛሽና ሦስተኛሽ በሽታቸው የተለያየ ነው።

ለአራተኛው፦ ስፒናውን ከግድግዳ ነቅለሽ፣ ቫይሸውን ከዋሻው አውጥተሽ ገልብጪው። ተንቀሳቃሹን ሐዲድ በጣትሽ ወዲያና ወዲህ ግፊው። ሲሻክር ከተሰማሽ ጥፋተኛው አሸዋ ነው። ሐዲድ ሥር ጠጠር ለማስመሰል አሸዋ በሙጫ አፍስሳችሁ ይሆን? አንዲት ቅንጣት ከሐዲዱ ምላስ ሥር ብትገባ ይበቃል። በጥርስ ብሩሽና በስንጥር አውጪው። ዘይት እንዳታስነኪው! ዘይት አቧራ ሰብስቦ በወሩ ጭቃ ይሆናል።

ለሦስተኛው ቴስተር፣ ማለት የኤሌክትሪክ መለኪያ፣ ያስፈልግሻል፤ ርካሹ ይበቃል። ከቫይሸው 3 ሽቦ ይወጣል፦ አንድ ቢጫ፣ ሁለት ሰማያዊ፣ የሰማያዊዎቹ ጫፍ ቀይና አረንጓዴ። ቢጫው የጋራ ነው። ሁሉንም ከመስመር አላቂያቸው። ቴስተሩን ኦም ላይ አድርገሽ ከቢጫው ወደ አንዱ ሰማያዊ፣ ከዚያ ወደ ሌላው ለኪ። ጤነኛ ከሆነ አንዱ ቁጥር ያሳያል፣ ሌላው ዝም ይላል። ቫይሸውን በእጅሽ ወደ ሌላው ወገን ስትገፊው ነገሩ መገልበጥ አለበት። ያየሽውን ጻፊልኝ።

ለመሆኑ ሁለቱን ትራንስፎርመር እንዴት ነው ያገናኘሻቸው?

ከሽቱትጋርት፦

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። አሸዋ ያሉት ልክ ነው፤ ልጁ ነበር በሙጫ ያፈሰሰው። አራተኛው አሁን እንደ አዲስ ይሠራል። ሦስተኛውን ለካሁት፦ ቀይ ጫፍ ያለው ልክ እርስዎ እንዳሉት ይገለባበጣል፤ አረንጓዴው ግን በሁለቱም ወገን ዝም ነው።

ትራንስፎርመሮቹን ሁለቱንም አንድ ላይ ገጠምኳቸው፣ ቢጫ ከቢጫ፣ ቡኒ ከቡኒ። ጉልበት እንዲጨምር ብዬ ነው። አንደኛው ገመዱ ትንሽ ተሰነጣጥቋል፣ በናስትሮ ጠቅልዬዋለሁ።

ከፍራንክፈርት፦

ልጄ፣ ይህን ሳታነቢ ኬለር እንዳትወርጂ። ሁለቱንም ትራንስፎርመር ከግድግዳ ንቀይ፤ ስፒናዎቹን ስትነቅይ ብረቱን በጣትሽ እንዳትነኪ።

ምክንያቱን ልንገርሽ። ትራንስፎርመር ወደ ፊትም ወደ ኋላም ይሠራል። ከግድግዳ 230 ቮልት ወስዶ 16 እንደሚያደርገው ሁሉ፣ ከበታች 16 ብትሰጪው ከላይ 230 ገደማ ያወጣል። ሁለቱ በውጪ መስመራቸው ተያይዘው ሳሉ አንዱን ስትነቅይ፣ የሌላው 16 ቮልት በኋላ በር ገብቶ በነቀልሽው ስፒና ጥርስ ላይ 230 ሆኖ ይጠብቅሻል። ልጁ ያን ስፒና ይይዘዋል። ነርስ ነሽና ከዚያ ወዲያ ያለውን አንቺ ታውቂዋለሽ።

ገመዱ የተሰነጠቀው ይጣል፤ ናስትሮ መድኃኒት አይሆነውም። በምትኩ ለቫይሸ ብቻ የሚሆን አዲስ ትራንስፎርመር ግዢና ለብቻው ይሁን። ሐዲዱ በአንዱ፣ ቫይሸና መብራት በሌላው፤ ቢጫና ቢጫ አይገናኙ። ጉልበት የሚጨምረው እንዲህ ነው፦ ባቡሩ ዳገት ሲወጣ ቫይሸው አይደክምም። ከትራንስፎርመሩ እስከ ጠረጴዛው መሐል የሚሄደውን ዋና መስመር ደግሞ ወፈር ያለ ሽቦ አድርጊው፤ 0.75 ካሬ ሚሊሜትር ይበቃል። ካርቶን ውስጥ ያለችው ቀጭን ሽቦ ከዋናው መስመር ወደ እያንዳንዱ ቫይሸ ትሂድ።

የአረንጓዴው ዝምታ ደግሞ ወይ ሽቦው ከጫፉ አጠገብ ውስጥ ውስጡን ተቆርጧል፣ ወይ ያ ራሱን የሚያጠፋው መገናኛ ዝጓል። ኬለር ውስጥ ስንት ክረምት ያሳለፈ ዕቃ ነው። መጀመሪያ ሽቦውን እያጣጠፍሽ ለኪ። ካልተገኘ በትንሽ ካቻቢቴ ሞተሩን ክፈቺ፤ ስስ የመዳብ ምላሶች ታያለሽ። ወፈር ያለ ወረቀት በአልኮል ነክረሽ በምላሶቹ መሐል ሳቢው። በብርጭቆ ወረቀት እንዳትፈትጊ፣ ሽፋኑን ይበላዋል።

ከሜሪላንድ፦

ጋሼ ያሉትን ስለ ትራንስፎርመር አትለፉት፣ በተለይ ካንዱ አገር ወደ ሌላው የምትዛወሩ። እኔ ከአሜሪካ ወደ ጀርመን ለወንድሜ ልጅ የላክሁት የ120 ቮልት ዕቃ 230 ላይ ተሰክቶ በደቂቃ ውስጥ ጨሰ። ስህተቱ የኔ ነበር፤ ከጀርባው የተጻፈውን አላነበብኩም።

እኔ ዘንድ ተርንአውት ነው የሚባለው፤ ስሙ ይብዛ። የኔዎቹ ቶርተይዝ የሚባሉ፣ እንደ ስማቸው እንደ ኤሊ ቀስ ብለው የሚሄዱ ሞተሮች ናቸው። በ12 ቮልት ዲሲ ነው የሚሠሩት። የፕላስና የማይነሱን ቦታ ስትቀያይሪ አቅጣጫ ይቀይራሉ፤ ጫፍ ደርሰው ቢቆሙም ኤሌክትሪኩ ሁልጊዜ እንዳለ ነው። ከ20 ሚሊ አምፔር በታች ስለሚወስዱ አይግሉም። የመብራት ዓይነት ማብሪያ ለነሱ ይሆናል፣ ለአንቺ ግን አይሆንም። እኔን ያስቸገረኝ ከጠረጴዛው ሥር የሚመጣው የብረት ዘንግ ነበር። ጣውላዬ ወፍራም ስለሆነ አብሮ የመጣው ቀጭን ሽቦ እየታጠፈ ሐዲዱን ጫፍ ድረስ አይገፋውም፤ ባቡሩ እዚያ ሲደርስ ይወድቃል። ወፈር ያለ የብረት ሽቦ ስቀይርለት ዳነ።

ከሽቱትጋርት፦

ስፒናዎቹ ተነቅለዋል፣ አሮጌው ትራንስፎርመር ወደ ኤሌክትሪክ ቆሻሻ መሰብሰቢያ ሄዷል። እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው የነቀልኩት። ባለቤቴ "ስንት ሌሊት ድንገተኛ ክፍል ያደረች ሴት" ብሎ ሳቀብኝ።

ሦስተኛውን ከፍቼ በወረቀትና በአልኮል ጠረግሁት፤ ወረቀቱ እንደ ጥላሸት ጠቁሮ ወጣ። ሠራ! ሁለት ቀን ሠራና ደግሞ ቆመ።

ከፍራንክፈርት፦

ምላሱ ተበልቷል። ያ መገናኛ በተከፈተ ቁጥር ትንሽ ብልጭታ አለ፤ በዓመታት ውስጥ ብረቱን ይበላዋል። አሁን የሚቀረው መገናኛውን መዝለል ነው፦ ሽቦውን ከመገናኛው በፊት ሳይሆን በቀጥታ ኮይሉ ላይ መበየድ። ይሠራል፣ አንድ ዕዳ ግን አለው። ከዚያ በኋላ ያ ቫይሸ ራሱን አያጠፋም፤ ተጭነው በሚለቁት ቁልፍ ብቻ ነው የሚነካው። መቆጣጠሪያ ሳጥኑ ያገለገለው በየፍሎማርክቱ፣ በየአሮጌ ዕቃ ገበያው፣ አይጠፋም። ቀዩ ቁልፍ ቅርንጫፍ፣ አረንጓዴው ቀጥታ ነው። ተገልብጦ ከሠራ ሁለቱን ሰማያዊ ሽቦ ቦታ ማለዋወጥ ነው።

መበየዱን ካልለመድሽ ራስሽ አትጀምሪው፤ ኮይሉ ላይ ያለው ሽቦ እንደ ፀጉር ነው። ከተማሽ የሞዴል ባቡር ፌራይን፣ ማለት ማኅበር፣ አያጣም። ልጁን ይዘሽ ሂጂ። ጀርመን ጎረቤቱን 10 ዓመት ሰላም ሳይል ሊኖር ይችላል፣ ስለ ቫይሸ ከጠየቅሽው ግን ወንበር ስቦ ይቀመጣል።

ከቪየና፦

እኔም ልጅ አለኝ። ዲጂታሉስ እንዴት ነው? ሽቦ የሚቀንስ ከሆነ።

ከፍራንክፈርት፦

መጣህ እንግዲህ! ይቀንሳል። በእያንዳንዱ ቫይሸ ሥር ዲኮደር የሚባል ትእዛዝ ተቀባይ ዕቃ ይገባል፤ ከሐዲዱ ራሱ ኤሌክትሪክም ትእዛዝም ይወስዳል፣ ለያንዳንዱ ቁጥር ትሰጠዋለህ። ቁጥር 5ን ስትጠራ ቁጥር 1 ወይም 9 ከተነሳ ዲኮደሩን አትውቀስ፤ አንዳንዱ መቆጣጠሪያ አድራሻውን በ4 ያዛንፈዋል። አንድ ጣጣ አለው፦ ባቡሩ ወድቆ ሐዲዱ ሾርት ሲያደርግ ቫይሸዎቹም አብረው ይሞታሉ። ለዚህ ነው እኔ ዛሬም በሽቦ የምሠራው።

ስለ ቤተሰብ ማገናኘት ጥያቄህ፣ ፍራንክፈርት ያለች ልጄ በዚያ ጉዳይ ላይ ትሠራለች። ለብቻዬ ጻፍልኝ።

ከሽቱትጋርት፦

ቅዳሜ ፌራይኑ ሄድን። አንድ ጢማቸው ደረታቸው የደረሰ ሰውዬ በ5 ደቂቃ በየዱልን፤ ሳጥኑንም ከመሳቢያቸው አውጥተው በቡና ሸጡልኝ። ቡናው የኛ ነው፣ ቆልቼ የወሰድኩላቸው። አራቱም ቫይሸ ይሠራሉ።

አሁን ልጁ ሌላ ነገር አመጣ። የድሬዳዋን ጣቢያ ካልሠራን ብሎ ይዞኛል። ጋሼ፣ በዚሁ ሐዲድ ይሆናል?

ከፍራንክፈርት፦

ይህቺ ጥያቄ እንቅልፍ ነሳችኝ። የኛ አሮጌው ሐዲድ ስፋቱ 1 ሜትር ነበር። ከጅቡቲ በ1897 እ.ኤ.አ ተጀምሮ ድሬዳዋ በ1902፣ አዲስ አበባ በ1917 የደረሰው እሱ ነው። አንቺ ዘንድ ያለው ሐዲድ 16.5 ሚሊሜትር ነው፤ ሞዴሉ ከእውነተኛው 87 ጊዜ ያነሰ ስለሆነ በ87 ስታበዢው 1435 ሚሊሜትር ገደማ ይመጣል፣ የአውሮፓው ስፋት። የአሁኑ የቻይኖቹ መስመር ከሆነ ልክ ነው፣ በሱ ይሠራ። አሮጌውን ከፈለገ ግን 12 ሚሊሜትር የሆነውን፣ ለስዊዝ ተራራ ባቡሮች የሚሸጠውን ሐዲድ ግዙለት። ቫይሸው ውድ ነው፣ ሁለት ይበቃዋል።

በአባቴ ጊዜ ደግሞ በሩቅ የሚታዘዝ ነገር አልነበረም። ሰውየው በእግሩ ሄዶ፣ ከባድ ብረት የታሰረበትን እጀታ ገልብጦ፣ ማታ ከሆነ ፋኖሱን ከፍ አድርጎ ያሳያል። እኔም አንዴ በ9 ዓመቴ ልገለብጥ ሞክሬ እጀታው እኔን ይዞኝ ተነሳ። ልጁ ጣቢያውን ሲሠራ ከመቀየሪያው አጠገብ ፋኖስ የያዘ ሰው ያቁምልኝ።