ባክቴሪያዎቹ የተለያዩ፣ የተላመዱት መድኃኒት አንድ፦ ግንኙነት ይኖራቸው ይሆን?

ጥያቄ (ከነርስ)፦
የምሠራው በጽኑ ሕሙማን ክፍል ነው። ከአንድ ታካሚ ሽንት ሜሮፔነም የተባለውን አንቲባዮቲክ የተላመደ ክሌብሲየላ የተባለ ባክቴሪያ ተገኘ። ከአሥራ ሁለት ቀን በኋላ ደግሞ ትይዩ አልጋ ላይ ከተኛ ሌላ ታካሚ ቁስል ያንኑ መድኃኒት የተላመደ ኢ. ኮላይ ወጣ። ባልደረባዬ «ዓይነታቸው ስለሚለያይ ተላለፈ ሊባል አይችልም» ብሎ ጉዳዩን ዘጋው፤ እኔ ግን አልተዋጠልኝም። ብታስረዱኝ?

መልስ (ከማይክሮባዮሎጂ ባለሙያ)፦
ጥርጣሬዎ ተገቢ ነው። ሜሮፔነምን የሚሰባብረውን ኢንዛይም የሚያሠራው ጂን ብዙውን ጊዜ የሚገኘው በባክቴሪያው ዋና ዲ ኤን ኤ (በክሮሞሶሙ) ላይ ሳይሆን ፕላዝሚድ በሚባል፣ ራሱን ችሎ በሚባዛ ትንሽ ክብ ዲ ኤን ኤ ላይ ነው። ሁለት ባክቴሪያዎች ሲገናኙ ሰጪው ከፕላዝሚዱ ሁለት ክሮች አንዱን ወደ ተቀባዩ ያሾልካል፤ ሁለቱም የጎደላቸውን ክር መልሰው ስለሚሠሩ ሰጪው ምንም ሳያጣ ተቀባዩ ባለ ሙሉ ፕላዝሚድ ይሆናል። የጃፓን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1959 አራት መድኃኒቶችን የተላመደ ሺጌላ የተባለ የተቅማጥ ባክቴሪያን ከኢ. ኮላይ ጋር አብረው ሲያሳድጉ፣ ኢ. ኮላዩ አራቱንም በአንድ ጊዜ ወርሶ ተገኝቷል። በሆስፒታል ታካሚ አንጀት ውስጥም እንዲሁ ይሆናል፤ አንቲባዮቲኩ ሌሎቹን ጠራርጎ ስለሚያጠፋ ፕላዝሚዱን ያገኘው ባክቴሪያ ሜዳው ለብቻው ይቀርለታል።

መልስ (ከኢንፌክሽን ቁጥጥር ሐኪም)፦
ከላይ የተባለው እውነት ቢሆንም ለድምዳሜ እንዳያቻኩል እሰጋለሁ። ሜሮፔነም እንዳይሠራ የሚያደርጉት ኢንዛይሞች ብዙ ስለሆኑ፣ አንደኛው ባክቴሪያ ኬፒሲ የተባለውን ኢንዛይም፣ ሌላው ኤንዲኤም የተባለውን ይዞ ከተገኘ ታሪካቸው ለየቅል ነው። በቅድሚያ ጂኑ በፒሲአር (ዲ ኤን ኤን አባዝቶ በሚለይ የላብራቶሪ ምርመራ) ይለይ፤ አንድ ሆኖ ከተገኘም ፕላዝሚዶቹ ይነጻጸሩ። ፕላዝሚዶቹ ቢለያዩ እንኳ ነገሩ አያበቃም፤ ጂኑ ትራንስፖዞን በሚባል ዘላይ ቁራጭ ላይ ሆኖ ከፕላዝሚድ ወደ ፕላዝሚድ ሊሻገር ይችላልና። ባክቴሪያው ራሱ የሚዛመትበት መንገድም አይዘንጋ። እ.ኤ.አ. በ2011 በሜሪላንድ፣ በአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋም ሆስፒታል አንድ የክሌብሲየላ ዝርያ 18 ታካሚዎች ላይ ደርሷል፤ ሁለተኛው ታካሚ የታወቀው የመጀመሪያዋ ከሆስፒታሉ ከወጣች ከሦስት ሳምንት በኋላ ነበር። ስለዚህ የአሥራ ሁለት ቀን ልዩነት ለማንም ማስተባበያ አይሆንም።

መልስ (ከላብራቶሪ ቴክኒሻን)፦
የእጅ መታጠቢያውን አያችሁ? ከሥሩ ባለው የታጠፈ ቱቦ ውስጥ ውኃ ተኝቶ ስለሚቆይ የተለያዩ ባክቴሪያዎች ዝልግልግ ሽፋን ሠርተው አብረው ይኖራሉ፣ ፕላዝሚድም ይቀባበላሉ። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣ የቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ ጥናት እንዳሳየው፣ ምግብ ካገኙ በቀን 2.5 ሴንቲ ሜትር ያህል በቱቦው ግድግዳ ወደ ላይ ያድጋሉ፤ ወንፊቱ ጋ ሲደርሱ ደግሞ የሚወርደው ውኃ ወደ ዙሪያው ይረጫቸዋል።

ጠያቂዋ፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። መታጠቢያው በሁለቱ አልጋዎች መካከል ነው፤ በቱቦ ከምንሰጠው ምግብ የተረፈውንም የምንደፋው እዚያው ነው። ሁለቱም ባክቴሪያዎች ለንጽጽር እንዲቀመጡልኝ ዛሬ ላብራቶሪውን ጠይቄ ነበር፤ ኢ. ኮላዩ አለ፣ ክሌብሲየላው ግን ባለፈው ሳምንት ተጥሏል።