አስቸኳይ፦ ማጣሪያው ዜናዬን «ሐሰት» ብሎ ዘጋብኝ!

ጠያቂ (ደብረ ማርቆስ)፦ ሰላም ቤተሰብ፣ ቶሎ ድረሱልኝ። አሁን 11፡20 ነው፤ ዜናው ማታ 1 ሰዓት በሬዲዮ ይነበባል። ጽሑፉን የእውነታ ማጣሪያው (ዜናው እውነት መሆኑን የሚመረምረው የኮምፒውተር ፕሮግራም) ውስጥ ሳስገባው ሦስት ቦታ ቀይ አሰመረና «ሐሰት» አለኝ። ቀይ ካለበት ደግሞ «ላክ» የሚለው ይደበዝዛል፣ ወደ ስቱዲዮ አይሄድም። ደጋግሜ ጻፍኩት፣ ያው ነው። አለቃችን ቢቸና ልቅሶ ሄዷል፣ ስልኩ ዝግ ነው። ምን ይሻለኛል?

የሞጣው፦ አጥፍተህ አብራው።

ጡረተኛው አርታኢ፦ ልጄ፣ በእኛ ጊዜ ቀይ የሚያሰምረው ሰው ነበር፣ በእስክሪብቶ። ለምን እንዳሰመረብህ ካልገባህ ቢሮው ገብተህ ትጠይቀዋለህ፣ ይቆጣሃል፣ ትማራለህ። አሁን ማንን ልትጠይቅ ነው? ወረዳ ደውሎ ማረጋገጥ የቀረው እናንተ ማሽን ስታቅፉ ነው።

ማንኩሳ፦ ጋሼ፣ ልጁ እሳት ላይ ነው፤ ተግሣጹ ከዜናው በኋላ ይድረስ። ወንድማለም፣ ምን ብለህ እንደጻፍክ ሳናይ ምኑን እንንገርህ?

ጠያቂ፦ ይቅርታ፣ ተጣድፌ ነው። «የህዳሴ ግድብ የመሠረት ድንጋይ መጋቢት 24 ቀን 2003 ተቀመጠ፤ ግድቡ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ተመረቀ፤ የማመንጨት አቅሙ 5150 ሜጋ ዋት ነው።» 2003ን «2011 ነው»፣ 2017ን «2025 ነው» ይላል። 5150ንም ቀይ አድርጎታል።

አባይ ማዶ፦ ማሽኑ ጉባ ድረስ ሄዶ ድንጋዩን ሲያስቀምጡ አይቶ ነበር እንዴ?

የሞጣው፦ ቫይረስ ይሆናል። አጥፍተህ አብራው።

የደጀኗ፦ ቫይረስ አይደለም፣ የዘመን አቆጣጠር ነው። እኛም ቢሮ ይሄው ገጥሞናል። አማርኛውን ወደ እንግሊዝኛ ገልብጦ ከፈረንጅ ገጾች ጋር ያስተያያል፣ ቁጥሩን ግን እንዳለ ይወስደዋል። «ዓ.ም.» እንኳ አልጻፍክም! ማጣሪያው ላይ «ኤፕሪል 2 ቀን 2011» እና «ሴፕቴምበር 9 ቀን 2025» ብለህ ሞክረው። ለሌላ ጊዜ ደግሞ ዝም ብለህ 8 እንዳትደምር፤ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 20ዎቹ ድረስ ልዩነቱ 7 ነው። እኔ የኅዳር ሚካኤልን ዜና አንድ ዓመት ወደፊት ወስጄ መሳቂያ ሆኛለሁ።

ጠያቂ፦ እታለም፣ ወደ ስቱዲዮ የሚሄደው እኮ ያው ያጣራሁት ጽሑፍ ነው። አንባቢዋ «ኤፕሪል» ብላ ብታነብ ማታውኑ ሕዝቡ ይደውልብኛል።

የደጀኗ፦ እንግዲያው ሁለቱንም ጎን ለጎን ጻፍና የፈረንጁን እንድትዘለው ንገራት።

ጮቄ፦ እኔ ጥያቄው ራሱ አልተዋጠልኝም። የቆለፈብህ ማሽኑ ሳይሆን «ቀይ ካለ አይለፍ» ያለው ሰው ነው። በአሜሪካ፣ አርሊንግተን ባለው የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ የተሠራው ክሌምበስተር የሚባል ማጣሪያ ለምሳሌ ለአንድ ዓረፍተ ነገር ከ0 እስከ 1 ነጥብ ይሰጣል። ነጥቡ ከፍ አለ ማለት «ይህ ሊጣራ ይገባዋል» ማለት ነው፤ ውሸት ነው አላለም። የእናንተው ግን ዳኛም ዘበኛም ሆኖ ተቀምጧል።

ጠያቂ፦ እሺ ጋሼ፣ ግን 12 ሰዓት ሞላ። ቀኖቹ ተስተካክለዋል፣ 5150ው ብቻ ቀርቷል።

ማንኩሳ፦ እሱ ሌላ ጣጣ ነው። ግድቡ ሲጀመር 5250 ተባለ፣ ቆይቶ 6000፣ ከዚያ 6450 ተጻፈ፣ በኋላ ነው ወደ 5150 የወረደው። የድሮው ገጽ ሁሉ ዛሬም እንዳለ ነው፣ ማሽኑም ከዚያ አንዱን ይዞ ይሆናል። ቀዩን ስትጫነው ምንጩን ካሳየህ መቼ እንደተጻፈ እይ። ካልሆነ «5150» የሚለውን ዓረፍተ ነገር አውጣና ለአንባቢዋ በእጅህ ጽፈህ ስጣት። ወረቀት አይቆለፍም።

ጡረተኛው አርታኢ፦ እንዲህ በሉኛ!

የደጀኗ፦ ወንድሜ፣ ሄደልህ?

አባይ ማዶ፦ 1፡15 ሆኗል። ሬዲዮ ከፍቼ የምሰማው ዘፈን ነው።

የሞጣው፦ አጥፍቶት ይሆናላ።