የሞተርሆም (የመኖሪያ መኪና) ማሞቂያችን እሳት አልይዝ ብሏል፣ እባካችሁ እርዱን

ሰላም ወገኖች። ወደ ግራንድ ካንየን እየሄድን ፍላግስታፍ፣ አሪዞና ላይ ነን። ከፍታው 2,100 ሜትር ገደማ ስለሆነ የሌሊቱ ብርድ አጥንት ይሰረስራል።

ቴርሞስታቱን ስከፍት ፋኑ ይነሳል። የጋዝ ማቀጣጠያው ግን ጠቅ እንኳ አይልም። ቀዝቃዛ አየር ብቻ ይነፋል፣ ከዚያ ይጠፋል። ጋዝ አላለቀም፤ ምድጃው በሰማያዊ ነበልባል ይነዳል። ቮልቴጁም ደህና ነው፣ መኪናውን ኤሌክትሪክ ላይ ስሰካው ባትሪው ላይ ከ13 ቮልት በላይ ያሳያል። ኤሲውም በ30 አምፔሩ መስመር በደንብ ይሠራል።

የጠረጠርኩት ፋኑ በቂ አየር ካልነፋ እሳቱ እንዳይለኮስ የሚከለክለውን ሴይል ስዊች ነው። አቧራ ወይም የውሻችን ፀጉር ይዞት ይሆን? ወይስ ማሞቂያውን የሚቆጣጠረው የኤሌክትሮኒክስ ቦርድ ነው? ስዊቹን በሽቦ አገናኝተው የሚያልፉት አሉ። ልጆች በሚተኙበት መኪና ግን በፍጹም አላደርገውም።

ፈታችሁ ያጸዳችሁት ካላችሁ፣ ከየት ልጀምር?