የሶዶ ትክል ድንጋዮች፦ ለጋራ ዕቅዳችን ውይይት

ሰብሳቢ
ውድ አባላት፣ እንደምን ሰነበታችሁ። የዘንድሮው የቅርስ ሥራችን በጉራጌ ሶዶ ባሉት ጥንታዊ መቃብሮችና በላያቸው በቆሙት ትክል ድንጋዮች ላይ እንዲሆን ተስማምተናል። ረቂቁ እንዲህ ይላል፦ በመስቀል ሰሞን የጥንት ሰው መኖሪያ የነበረውን መልካ ቁንጡሬን፣ ከዐለት የተፈለፈለውን ቤተ ክርስቲያን አዳዲ ማርያምንና የትክል ድንጋዮቹን ስፍራ ጢያን በአንድ ቀን እንጎብኝ፤ ጢያ ላይ ድንጋዮቹን አጽድተን፣ ችግኝ ተክለን እንመለስ። የተስማማንበት ለኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣንና ለሶዶ ወረዳ ይላካል። ሐሳባችሁን ጻፉ።

ገንዘብ ያዥ
ሦስቱም በቡታጅራ መንገድ ስለሆኑ አንድ አውቶቡስ ይበቃናል። አዳዲ ማርያም ከአስፋልቱ ገባ ስለሚል በጠዋት መነሳት አለብን። የመግቢያና የአስጎብኚ ክፍያ ከማኅበሩ ይሁን፤ አስጎብኚውም የአካባቢው ልጅ ይሁን።

አርኪዮሎጂ ያጠናች አባል
ጋሼ፣ «አጽድተን» የሚለው እንዲወጣ አጥብቄ እለምናለሁ። ድንጋዩ ላይ የተለጠፈው ነጣ ያለ ነገር ቆሻሻ ይመስላል እንጂ ሊክን የሚባል ሕይወት ያለው ነገር ነው፤ ሥር የሚመስሉ ክሮቹን ወደ ድንጋዩ ሰዷል። በሽቦ ብሩሽ ሲፈገፈግ የድንጋዩን ቆዳ ይዞ ይነሳል፤ ቅርጹም አብሮ ይሄዳል። በረኪና ደግሞ ጨው ትቶ ድንጋዩን ከውስጥ ያፈርሰዋል። የተሰበረውን በሲሚንቶ መለጠፍም አይታሰብ። በቅርስ ሕጋችን (አዋጅ ቁጥር 209/1992) ጥገና ያለ ባለሥልጣኑ ፈቃድ አይደረግም።

ችግኙም ይቅር። ጢያ መቃብር ነው፤ በድንጋዮቹ ሥር ሰው ተቀብሯል። በቁፋሮ የተገኙት አብዛኞቹ ከ18 እስከ 30 ዓመት የሚሆናቸው ወጣቶች ናቸው፤ እጅና እግራቸው ተሰብስቦ፣ ሕፃን በማህፀን እንደሚተኛ ሆነው ተቀብረዋል። የዛፍ ሥር ወደ አጥንቱ ይወርዳል። የወደቀ ድንጋይም ቢሆን አናቅናው፤ የወደቀበት ቦታና አቅጣጫ ራሱ መረጃ ነው።

እኛ የምንችለው መመዝገብ ነው። ጠዋት ፀሐይ ስትወጣ ወይም ልትጠልቅ ስትል ብርሃኑ ከጎን ስለሚመጣ፣ በቀትር የማይታየው ሰይፍና ክብ ምልክት ቁልጭ ብሎ ይወጣል። ቅርጹ ጎልቶ እንዲታይ ብሎ ጠመኔ መቀባት ግን ክልክል ይሁን። ቁመት፣ ስፋት፣ ውፍረት፣ ወዴት እንዳዘነበለ፣ አራቱም ገጽ በፎቶ። ይህን በትክክል ከሠራን ለተመራማሪ ትልቅ ስጦታ ነው፤ አብዛኞቹ ምልክቶች እስከ ዛሬ አልተፈቱምና።

የቡኢ ተወላጅ አባል
እህቴ ባለችው ላይ ልጨምር። ጢያ በ1980 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። እዚያ ያሉት ድንጋዮች 36 ናቸው፤ 32ቱ ቅርጽ አላቸው። በሶዶ ምድር ግን 160 ያህል ጥንታዊ ስፍራዎች ተገኝተዋል። እንደ ጢያ የታወቀ ሌላ የለም። እኔን የሚያሳስበኝ በሰው ማሳ መካከል የቆመው፣ ከብት የሚታከከው፣ ማረሻ ሥሩን የሚነካካው ነው። ጢያን ለማየት እንሂድ፤ ሥራችን ግን ማንም በማይጎበኘው በአንዱ ላይ ይሁን።

ጊዜውም ይለወጥ። በመስቀል አገሩ ሁሉ ቤቱ ስለሚገባ ሽማግሌዎችን ለማነጋገር ከዚያ የተሻለ ጊዜ የለም። ማሳው ግን ያን ጊዜ በሰብል ተሞልቷል፤ የገበሬ ጤፍ ረግጠን ስለ ቅርስ ልናወራ አንችልም። ምዝገባው ሰብሉ ከተሰበሰበ በኋላ፣ በጥር ይሁን።

አንጋፋ አባል
ልጆቼ፣ ደስ አሰኛችሁኝ። በእኛ ልጅነት ሁሉንም «የግራኝ ድንጋይ» ነበር የምንለው። ድንጋዮቹ ግን ከእሱ ዘመን ይቀድማሉ፤ ለወጣቶቹ ይህ ይነገራቸው። አንድ ነገር ይታከል፦ መቃብር ላይ መቀመጥ፣ ድንጋይ ተደግፎ ፎቶ መነሳት፣ ሙዚቃ መክፈት አይፈቀድ። ስማቸውን ባናውቅም የሰው ልጆች ናቸው።

ሰብሳቢ
እግዜር ይስጥልን። ረቂቁ በዚህ ይሻሻል፦ መስቀል ላይ ጥቂት ተወካዮች ከሽማግሌዎች ጋር ይመካከራሉ፤ በጥር ጢያን ጎብኝተን፣ ባለ ማሳው ፈቅዶ ባለሥልጣኑም ካወቀው አንድ ስፍራ እንመዘግባለን። ማጽዳት፣ ማቅናት፣ ችግኝ የለም። የቀረ አለ?

የቡኢ ተወላጅ አባል
አንድ፣ ትልቅ። ገበሬው «ድንጋዩ ከተመዘገበ መሬቴን ይወስዱብኛል» ብሎ ይሰጋል። እኛ ተነስተን «አይወሰድም» ማለት አንችልም፤ ሥልጣኑ የለንም። ወረዳው መልሱን በጽሑፍ ይስጠን፤ ለባለ ማሳው በአካባቢው ቋንቋ በክስታንኛ እናንብብለት። ያ ደብዳቤ ሳይመጣ ማንም ሜትር ይዞ ማሳ አይግባ።

አርኪዮሎጂ ያጠናች አባል
እደግፋለሁ። ትክክለኛ ቦታውም በማኅበራዊ ሚዲያ አይለጠፍ፤ ዝርዝሩ ለባለሥልጣኑና ለወረዳው ብቻ ይሰጥ። የመመዝገቢያ ቅጹን እኔ አዘጋጃለሁ።

ገንዘብ ያዥ
ለችግኝ የተያዘው ብር ለቅጽ ማባዣና ለአካባቢው ረዳቶች አበል ይዛወር። ሰብሳቢያችን ከፈቀዱ የወረዳውን ደብዳቤ ዛሬ ማታ አርቅቄ እልካለሁ።